ሦስት ገንዳ ያለው ምንጭ

ጁዋ ሂቾል በቁራ ድንጋይ ሥር ሞቶ ሲገኝ መንደራችን ሙልጌ አላለቀሰም። እውነቱን መናገር ይሻላል። በኅዳር ብርድ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ የሸሸው ባሕር ተመልሶ ሳይሞላ፣ ሬሳው በሁለት ቋጥኞች መካከል በጀርባው ተንጋሎ ታየ። መጀመሪያ ያየው ሰው «እንደ አባቱ» አለ። ቀጥሎ የመጣውም «እንደ አባቱ» አለ። አባቱ ከሃምሳ ዓመት በፊት ራሱን የወረወረው ከዚሁ ድንጋይ ላይ ስለነበር፣ ነገሩ በእኛ ዘንድ ገና ፖሊስ ሳይመጣ አልቆለት ነበር።

ሂቾል ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የባሕር ዳርቻውን የእግር መንገድ ያወጣው እሱ ነው። ከጥንቱ የእሳት ምልክት ጉብታ ተነስቶ፣ በጨው ማድረቂያው አለት፣ ከባሕር ሥር ቀንድ አውጣ በሚለቅሙት በጠላቂ ሴቶቹ ምድጃ፣ በምንጩና በቁራ ድንጋይ አልፎ እስከ ቀጣዩ መንደር ድረስ ይሄዳል። ድንጋዩን በእጁ ደለደለ፣ መንገዱን የሚያመለክት ሪባን አሰረ፣ በየቦታው ምን እንደተፈጸመ በትናንሽ ሰሌዳዎች ጻፈ። ከሴኡል የሚመጡ መንገደኞች ይወዱት ነበር። እኛ ግን የአባቱ ስም ይከለክለን ነበር። ከስድሳ ሦስት ዓመት በፊት፣ በዚያ ክፉ የበረዶ ወራት፣ ወታደሮች ዓማፂ እናድናለን ብለው መንደሩን ሲያቃጥሉ ሠላሳ ሁለት ሰው ከምንጩ በላይ ባለው ዋሻ ተደብቆ ነበር። አንድ ሰው ዋሻውን ጠቆመ። ሠላሳ አንዱ አለቁ። የዚያን ዕለት ጠዋት ከዋሻው ወጥቶ ስለነበር በሕይወት የተረፈው የሂቾል አባት ብቻ ነበር። ማስረጃችን ይኸው ነው፤ ሌላ ፈልገንም አናውቅም።

ኢንስፔክተር ቡ ዮንግሺል ከከተማ የደረሰችው በሁለት ሰዓት ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ከደሴታችን ተራራ ወገብ፣ ፈረስ ከሚያረቡ ሰዎች ተወለደች። ባሕር አትወድም፤ ዋናም አትችልም። ድንጋይ ለድንጋይ በእጇ እየዳኸች ወረደችና ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ማን ነካው?»

«ምኑ ይነካል?» አለ የመንደሩ ሊቀመንበር ኦ ቴግዩ። «ዘለለ፣ አለቀ። በዘራቸው ነው።»

«ዘር ጫማ አይፍቅም» አለች። የሟቹን ቦት ጫማ ወደ ላይ አነሳችው። ሁለቱም ተረከዞች ተፍቀዋል፤ በፍቀቱ ውስጥ አረንጓዴ የውሃ ሻጋታ ተሰግስጓል። በጥፍሯ ጫረችና ዙሪያዋን አየች። የቁራ ድንጋይ እንደ ከሰል ጥቁር ነው፣ አረንጓዴ ነገር አይበቅልበትም። «ከላይ የወደቀ ሰው በራሱ ወይም በእግሩ ያርፋል። ተረከዙ የሚፈቀው በብብቱ ይዘው ወደ ኋላ ሲጎትቱት ነው።»

ቴግዩ ሳቅ ሊል ፈለገና ተወው።

በስድስት ሰዓት ከአስከሬን መርማሪው ሐኪም ስልክ ተደወለላት። ሐኪሙ ወሬ የማያበዛ ሰው ነበር። «ሳንባው ውስጥ ያለው የባሕር ውሃ አይደለም፣ ጨው የለውም። ሳሙና ግን አለው።»

«ሳሙና አልክ?»

«የልብስ ሳሙና። እኔም ሁለቴ ነው ያሸተትኩት። ከጆሮው ኋላ ተመትቷል። ምቱ ራሱን ያስተዋል እንጂ አይገድለውም። የገደለው ውሃው ነው፣ ትናንት ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ። ባሕር ውስጥ የገባው ከሞተ በኋላ ነው።»

ዮንግሺል ስልኩን ኪሷ ከተተችና ሊቀመንበሩን «መንገዱን ያሳዩኝ» አለችው።

ከቁራ ድንጋይ ወደ ኋላ፣ ሪባኑን እየተከተሉ ሄዱ። በቀኝ በኩል የሸሸው ባሕር፣ በግራ የድንጋይ አጥሮችና የነጭ ሽንኩርት ማሳዎች ነበሩ። ቴግዩ እያለከለከ ያወራ ነበር። መንገዱ በእሱ የዓሣ ምግብ ቤት ደጅ እንዲያልፍ ሦስት ዓመት ሂቾልን ለምኗል። ሂቾል ግን የጥንት ሰዎች የሄዱበት በዚህ ነው እያለ ንቅንቅ አላለም።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ሠርግ ላይ፣ ወዲያኛው መንደር። መንደሩ በሙሉ እዚያ ነበር። የአሳማ ሥጋው ከብዶኝ ትንሽ ልራመድ ብዬ ወጣሁ።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«አንድ ሰዓት... ቢበዛ። ብቻዬን ነበርኩ። ይኼን ሲሰሙ ደስ አለዎት መሰለኝ።»

«እኔ ደስ የሚለኝ እቤቴ ስገባ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ጨው የሌለው ውሃ የት አለ?»

«ምንጩ ጋ ነዋ። የእናንተ የተራራ ዝናብ በድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ ወርዶ እኛ ጋ በባሕሩ አፍ ይወጣል።»

«ታዲያ አታመሰግኑንም?»

ምንጩ በወገብ ቁመት ጥቁር ካብ ተከልሏል። ውሃው ከአለቱ ሥር ይፈልቅና ወደ መጀመሪያው ገንዳ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው፣ ከዚያ ወደ ባሕር። በገንዳዎቹ መካከል ያለው ንጣፍ በአረንጓዴ ሻጋታ ተሸፍኗል። ከመጀመሪያው ገንዳ በላይ፣ ካቡ ላይ ካለ ካስማ፣ የሂቾል ስም የተጻፈበት የውሃ ኮዳ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እስከ አፉ ሞልቷል። ዮንግሺል ኮዳውን ካየች በኋላ ጎንበስ ብላ ንጣፉን አየች። ከመጀመሪያው ገንዳ ጫፍ የሚነሱ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ መስመሮች ሻጋታውን ፍቀው፣ በሁለተኛው ገንዳ አጠገብ አልፈው፣ ሦስተኛው ገንዳ አፋፍ ላይ ይቆማሉ። በእርምጃ ለካችው። ስምንት እርምጃ ነው።

«ባሕሩ ሲሞላ እስከ የት ይደርሳል?»

«ሰሞኑን ሙላቱ ትልቅ ነው፤ ሦስቱንም ይውጣቸዋል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ብንቆም ወገባችን ድረስ ነው። የወሰደውንም ሁሉ ወደ ቁራ ድንጋይ ነው የሚጥለው። የጠፋ ባልዲ የምንፈልገው እዚያ ነው።»

«እሺ። እጄ ጭቃ ሆነ፤ የት ልታጠብ?»

«ውሃ ውሃ ነው፤ ደስ ባለዎት ይታጠቡ። እኔ ቡሳን ከተማ ቧንቧ እየጠጣሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። በአርባ ዓመቴ በሚስቴ በኩል ነው እዚህ የመጣሁት።»

ገና ሳትታጠብ አንድ ሰው ካቡን ዘሎ ገባ። ሃን ዶዩል ይባላል፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት የሴኡል ሰው፤ ባሕሩ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ከፍቷል። ጫማውን አውልቆ ጭቃውን እመጀመሪያው ገንዳ ውስጥ ድፍት አድርጎ ማጠብ ጀመረ።

«እኔን ነው የምትፈልጊው አሉኝ። አንገቱን እሰብራለሁ ብያለሁ፣ አዎ፤ ሠላሳ ሰው ፊት ነው ያልኩት። መንገዱን ከደጄ ሁለት መቶ ሜትር አርቆ ወሰደብኝ! ያበደ ነበር። ደጅህ ላይ ሴትዮ የተደፈረችበት ነው፣ ሰው ጫማ እያንኳኳ አያልፍበትም አለኝ። የዛሬ ስንት ዓመት? ስድሳ?»

«ትናንት ከሰዓት?»

«ማረፊያዬ ውስጥ፣ ብቻዬን፣ ሾርባ እየሠራሁ። እንግዳም የለኝም። በእሱ ምክንያት።»

«አንገቱ አልተሰበረም» አለችው ዮንግሺል፣ የሚያጥበውን ጫማ እያየች።

የጠላቂ ሴቶቹ ምድጃ ከምንጩ ትንሽ ፈንጠር ይላል። ጣሪያ የሌለው ክብ የድንጋይ ካብ ነው፤ ከባሕር ሲወጡ እሳት የሚሞቁበት፣ የጎማ ልብሳቸውን የሚያወልቁበት። እዚያ የሃምሳ አምስት ዓመቷን ጠላቂ ሚዮንግጃን ብቻዋን ዱባ ስትልጥ አገኘቻት። ካቡ ላይ አምስት የጎማ ልብሶች ተሰቅለዋል። አራቱ ጨው ደርቆባቸው ነጫጭ ሆነዋል። አንዱ ግን ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል። ዮንግሺል ልብሱን በጣቷ አሸት አድርጋ ቀመሰችው።

«ልብስ ትልሻለሽ እንዴ?» አለች ሚዮንግጃ። «እንኳን ፖሊስ ሆንሽ፣ ባል ብትሆኚ ኖሮ ምን ልትልሺ ነበር።»

«ጨው የለውም። የማን ነው?»

«የአለቃችን፣ የእማማ ቹንዎል። እሳቸው ሳያጥቡ አያድሩም። እኛ ትናንት በስምንት ሰዓት ከባሕር ወጥተን በቀጥታ መኪና ላይ ነው የተሳፈርነው፤ ሠርግ ይዞን አላጠብንም። አራታችንም እስኪመሽ ስንጨፍር ነበር፣ ሙሽሪትን ጠይቂ።»

«እዚህ ቧንቧ የለም?»

«አውሎ ነፋሱ ሞተሩን ከሰበረው ሦስት ሳምንቱ። ምንጩ ጋ ወርደን ነው የምናጥበው።»

«በየትኛው ገንዳ?»

«በቀረበን። ደንብ አለው ይላሉ መሰለኝ፣ እኔ እንጃ። እኔ ከወዲያኛው መንደር ነው የተዳርኩት፤ የኛ ምንጭ አንድ ጉድጓድ ነው።»

እማማ ሙን ቹንዎል የመጡት ይኼኔ ነው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ክንዳቸው ግን የወጣት ነው። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ደቂቃ ከባሕር ሥር ይቆያሉ። የእኛ መንደር ሊቀመንበሩን አይፈራም፣ እሳቸውን ነው የሚፈራው።

«ሠርጉ ላይ አልነበሩም፣ እማማ?»

«ራሴን አመመኝ። እነሱ በመኪናው ሄዱ፣ እኔ ልብሴን እዚህ ሰቅዬ በላይኛው መንገድ ቤቴ ገባሁና ተኛሁ።»

«ምንጩ ጋ አልወረዱም?»

«ለምን ብዬ? ራሴን አመመኝ አልኩሽ እኮ።»

«እንግዲያው አሁን አብረውኝ ይውረዱ። እኔ የተራራ ሰው ነኝ፣ ያንሸራትተኛል።»

ወረዱ። ዮንግሺል በመጀመሪያው ገንዳ አጠገብ ተቀመጠችና የጨቀየ ጓንቷን ልትነክር እጇን ዘረጋች። ውሃው ጋ ሳትደርስ አሮጊቷ አንጓዋን አፈፍ አደረጓት። እጇ እስኪደነዝዝ ጨመቋት።

«ምን ነካሽ፣ አንቺ ሴትዮ? ይሄ እኮ የሚጠጣ ነው። ተራራ ላይ እናት አላሳደገችሽም?»

ጓንቱን ነጥቀው፣ ሁለተኛውን ገንዳ እንኳ ሳያዩት አልፈው፣ ሦስተኛው ውስጥ አሽተው አጥበው ጨምቀው መለሱላት። «ቆሻሻ እዚህ ነው። መካከለኛው የምግብ ነው። ይኼ ለእኛ ከጡት ጋር የተሰጠን ነው።»

«ባሕሩስ? ሲሞላ ሁሉንም ይሸፍናል አይደል?»

«ባሕር ያጥባል እንጂ አያቆሽሽም። የሚያቆሽሸው ሰው ነው።»

«ይህን ደንብ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም። ቧንቧ ከገባ ወዲህ ያደገው ምን ያውቃል? የሚያውቁት ሞተዋል። እኔና...» አቋረጡ። «እኔና የጠቋሚው ሚስት ነን የቀረነው።»

የጠቋሚው ሚስት የሚሏቸው የሂቾልን እናት እማማ ፒልሱንን ነው። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ዮንግሺል በማግስቱ ቤታቸው ስትገባ መሬት ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን ሸሚዝ እያጣጠፉ ነበር። የሩዝ ድስቱን ከምድጃው ለማውረድ በሁለት እጃቸው ታግለው አቃታቸው፣ እሷ አወረደችላቸው።

«ይሄን ሸሚዝ መቼ ነው ያጠቡት?»

«ያን ዕለት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ሁሉም ሠርግ ሄደው ነበር። ሰው ባለበት ሰዓት አልወርድም፤ እኔ ስመጣ ተነስተው ይሄዳሉ። ልጄ በአሥር ሰዓት ኮዳውን ሊቀዳ ይመጣ ነበር። እኔ ቀደም ብዬ ወጣሁ፤ እንዲህ ጎንበስ ብዬ ሲያየኝ ይከፋው ነበር።»

«በየትኛው ገንዳ አጠቡ?»

«በየትኛው ይታጠባል? በታችኛው ነዋ። ለምን ጠየቅሽኝ?»

ዮንግሺል ወሬውን ቀየረች። «እርስዎም ጠላቂ ነበሩ አሉ።»

«ጎበዝ ነበርኩ። ከዚያ ነገር በኋላ ከምድጃው አባረሩኝ። በብርድ ብቻዬን ከድንጋይ ኋላ ነበር ልብስ የምለውጠው። ከጊዜ በኋላ አንዳንዶቹ ረሱት፣ ነይ ሙቂ ያሉኝም ነበሩ። ቹንዎል ግን አልረሳችም። አለቃ ከሆነች ወዲህ ወደ ምድጃው ከቀረብኩ ውሃ አምጥታ እሳቱን ታጠፋው ነበር። የሁሉንም እሳት። ስለዚህ ሁሉም ጠሉኝ።»

«ልጅዎ ምንጩ ጋ የመታሰቢያ ድንጋይ ሊያቆም ነበር ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?»

«በሚመጣው ሳምንት። ባሌን... አባቴን ነጻ የሚያወጣ ነገር አገኘሁ አለኝ። ምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም፤ ተቀርጾ ስታይው ይሻላል አለኝ።» አፋቸው ተምታታባቸውና ሸሚዙን እንደገና ዘርግተው አጣጠፉት።

ዮንግሺል ከዚያ ቤት ወጥታ በቀጥታ ከተማ ወዳለው የድንጋይ ጠራቢ ነዳች። ጽሑፉ እሱ ጋ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ባሕሩ ሲሸሽ፣ ሁላችንንም ምንጩ ጋ ሰበሰበችን። ሊቀመንበሩ በካቡ ላይ ተቀመጠ። ዶዩል እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ። ሚዮንግጃና ሌሎቹ ጠላቂዎች ተቃቅፈው ቆሙ። እማማ ቹንዎል ከሁሉ ፊት ነበሩ። እማማ ፒልሱንን አንድ ፖሊስ ደግፎ አመጣቸውና በስተጀርባ አስቀመጣቸው። ማንም ቦታ አልለቀቀላቸውም።

«ሂቾል ከቁራ ድንጋይ አልዘለለም» አለች ዮንግሺል። «ሳንባው ውስጥ የነበረው የዚህ ምንጭ ውሃ ነው። በአሥር ሰዓት ኮዳውን ሊቀዳ መጣ። ሞልቶ ካስማው ላይ ሰቀለው። ጎንበስ ብሎ ፊቱን ሲታጠብ ይሁን ሲጠጣ አላውቅም፣ ከኋላው ተመታ፣ እመጀመሪያው ገንዳ ጫፍ ላይ ወደቀ። ያንን ኮዳውና እነዚህ መስመሮች ይነግሩናል፤ የተረከዙ ናቸው፣ የሚጀምሩት እዚህ ነው። ራሱን ስቷል፣ ግን አልሞተም። አፍንጫው ከውሃው አንድ ክንድ ነው የሚርቀው። አሁን ንገሩኝ፣ ገዳዩ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?»

«እገፋዋለሁ» አለ ዶዩል። ከዚያ ሁሉም ሲያዩት «ለጥያቄው ነው የመለስኩት» አለ።

«ልክ ነህ፤ ማንም እንደዚያ ያደርግ ነበር። ይኼኛው ገዳይ ግን በማንኛውም ደቂቃ ሊነቃ የሚችልን ሰው በብብቱ ይዞ ስምንት እርምጃ ጎተተው። ሰው ከሚደፋበት ገንዳ አሳልፎ፣ ሁለተኛውንም አሳልፎ፣ እዚህ አወረደው። የሰጠመው በሦስተኛው ነው። ሳንባው ውስጥ ሳሙና ነበር፣ ያን ዕለት ደግሞ ሳሙና የነካው ይህ ገንዳ ብቻ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልብስ ታጥቦበታል።»

ከኋላችን አንድ ድምፅ ተሰማ። እማማ ፒልሱን ነበሩ። የልጃቸውን ሸሚዝ ያጠቡበት ውሃ መሆኑ የገባቸው ያኔ ነው። ዮንግሺል ጠበቀች እንጂ አላጽናናቻቸውም።

«ባሕሩ እንዲወስደው ነዋ» አለ ቴግዩ። «ታችኛው ለባሕሩ ይቀርባል።»

«እርስዎ ነዎት የነገሩኝ፤ ሰሞኑን ሙላቱ ሦስቱንም ይውጣል። ከየትኛውም ገንዳ ይወስደው ነበር። ቁራ ድንጋይ ላይ እንደሚጥለውና እኛም እንደ አባቱ እንደምንል ገዳዩ ያውቃል። ስምንቱ እርምጃ ግን ለባሕሩ አልነበረም።» ጓንቷን ከኪሷ አወጣች። «ሊቀመንበሩ ደስ ባለዎት ይታጠቡ አሉኝ። ዶዩል ጫማውን የሚጠጣ ውሃ ውስጥ አጠበ። ሚዮንግጃ በቀረበኝ አለች። ለእነዚህ ሰዎች ሦስቱም ውሃ ናቸው። ገዳዩ ግን ሰው እየገደለም ቢሆን ላይኛውን ማቆሸሽ አይችልም። አስቦ አይደለም። ሰባ ዓመት ያስተማሩት እጅ ነው። እዚህ ካለነው ውስጥ እንደዚያ ያለ እጅ ያላቸው ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ የሩዝ ድስት ማንሳት አይችሉም።»

ሰዉ እማማ ቹንዎልን ማየት ፈልጎ ፈራ።

«ጓንት ስላጠብኩልሽ?» አሉ አሮጊቷ።

«ስለ ልብስዎም ነው። በላይኛው መንገድ ሄድኩ፣ ምንጩ ጋ አልወረድኩም አሉኝ። ልብስዎ ግን ጨው የለውም። የሌሎቹ አራት ነጭ ነው። ከዚህ ሌላ ጨው የሚያለቅቅ ውሃ የለም። ታጥቦ ነው የተሰቀለው፤ እያጠቡ ነው ሂቾል የደረሰብዎት።»

«ለምን ብዬ የጠቋሚ ልጅ እገድላለሁ?»

ዮንግሺል ወደ ኋላ ዞረች። «እማማ ፒልሱን፣ ዋሻው ውስጥ ለነበሩት ውሃ የሚያመላልሰው ማን ነበር?»

«ልጆች» አሉ እማማ ፒልሱን። «ወታደሩ ልጅ አይፈትሽም። ሦስት ሴቶች ልጆች ከዚህ በቅል እየቀዱ ይወስዱ ነበር። ሁለቱ እዚያው ዋሻው ውስጥ አለቁ።»

«ሦስተኛዋስ?»

እማማ ፒልሱን መልሱን በዓይናቸው ፈለጉት። ስድሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቃቸው ጥያቄ ነው። «አለቃ ሆነች» አሉ።

ዮንግሺል ከድንጋይ ጠራቢው ያመጣችውን ወረቀት ዘርግታ አነበበች። «በዚያ የበረዶ ወራት ከዚህ ምንጭ በላይ ሠላሳ አንድ ሰዎች ተገደሉ። በዕለቱ የነበረ አንድ ሽማግሌ ወታደር ከመሞቱ በፊት እንደመሰከረው፣ ወደ ዋሻው የመራቻቸው ውሃ የምትቀዳ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። የስኳር ቂጣ ሰጥተዋት ነበር። ስሟ እዚህ አይጻፍም፤ ልጅ ነበረችና። የጁዋ ቤት ግን ንጹሕ ነው።» ወረቀቱን አጠፈች። «ስምዎን ሊጽፍ አልነበረም።»

 እማማ ቹንዎል የሥራ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው ተናገሩ።

«አነበበልኝ። እዚህ ቆሞ። ስሜን ስለማይጽፍ ደስ የሚለኝ መስሎት ነው። የስምንት ዓመት ልጅ የሚለውን አውጣው አልኩት። እሱን ካወጣሁ አባቴ ጠቋሚ እንደተባለ ይቀራል፣ ማንም አያምነኝም አለኝ። ስምንት ዓመት፣ ውሃ የምትቀዳ። ማን መቁጠር ያቅተዋል? ሊጠጣ ጎንበስ አለ። ባሕር ሥር እንዲያወርደኝ በወገቤ የምታጠቀውን የእርሳስ ብረት አወጣሁ።»

«ነቅቶ ነበር?»

«መካከለኛው ጋ ስንደርስ እማማ አለኝ። ከዚያ አስገባሁት። እኔ ሁለት ደቂቃ እችላለሁ፤ እሱ አንዱንም አልጨረሰ።»

ከጠላቂዎቹ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ሚዮንግጃ አፏን በእጇ ያዘች። ዮንግሺል ግን አንድ ነገር ቀርቷት ነበር፤ ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ።

«ዝም ቢሉ ልጅ ነበሩ፣ ይገባኛል። እሳቱን ለምን ያጠፉ ነበር? አርባ ዓመት ያቺን ሴት ለምን ከእሳት አባረሩ?»

«ሌሎቹ እየረሱ ነበር» አሉ እማማ ቹንዎል። «እሷን ይቅር ካሉ፣ ታዲያ ማን ነበር ብለው ይጠይቃሉ።»

እማማ ፒልሱን ተነሱ። ፖሊሱ ሊደግፋቸው ሲል እጁን ገፍተው፣ በሻጋታው ላይ እየተንሸራተቱ፣ በመካከላችን አለፉ። ይኼኔ ቦታ ለቀቅንላቸው። እማማ ቹንዎል ፊት ሲደርሱ ራሳቸው ከቹንዎል ደረት አያልፍም ነበር።

«ስምንት ዓመትሽ ነበር» አሉ። «ብትነግሪኝ አቅፌሽ አብሬሽ አለቅስ ነበር እንጂ ምን አደርግሽ ነበር? ማን ይቀየምሽ ነበር?»

እማማ ቹንዎል ባሕሩን ያዩ ነበር።

«አሁን ግን ሰባ አንድ ነሽ።»

ፖሊሶቹ ካቴናውን ሲያስገቡላቸው ቴግዩ ጉሮሮውን ጠረገ። ነገሩ ከተጣራ ዘንድ ድንጋዩ ለጊዜው ቢቆይ ምን ይመስላችኋል፣ መንገደኛው የሚመጣው ለውበቱ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲያነብ ይከብደዋል፣ ሟቹ ራሱም ስም አይጻፍ ብሏል፣ አለ። አንዳንዶቻችን ራሳችንን ነቀነቅን። ይኼንንም አልደብቅም።

«ይተከላል» አሉ እማማ ፒልሱን። «ስሟም ይጻፍበታል፤ የእሷም፣ የአባቷም፣ የተወለደችበትም ዓመት። ልጄ ምሕረት ነበረው። እኔ ጋ ምንም የቀረ የለም።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠራቢው ስሙን ጨምሮ ድንጋዩን አመጣ። እማማ ፒልሱን ፊደሉን በጣታቸው እየዳሰሱ እስከ መጨረሻው አስነበቡት። አሁን መንገደኞች እዚያ ቆመው ያነቡታል፣ ፎቶም ይነሱበታል። ከመንደራችን ሰው አጠገቡ የሚቆም የለም።